ጨዋታ ያለ ጎረቤት፤ ጎረቤት ያለ ጨዋታ፦ ስለ ጎንደር በተጻፉ ሁለት መጻሕፍት ላይ የቀረበ ሒስ

ስለ ጎንደር ከተማና በዙሪያዋ ስላለው ደጋ አገር የውጭ ሊቃውንት የጻፏቸው መጻሕፍት በቁጥር ጥቂት አይደሉም። ይሁን እንጂ አብዛኛዎቹ በአገራችን አንባቢ ዘንድ የሚታወቁት በስማቸው ብቻ ነው፤ መርምሮና መዝኖ፣ ይህ ይበጃል፣ ይህ ይጎድለዋል ብሎ የሚናገር ሰው ገና አልበዛም። እኔም በዚህ ጽሑፍ ሁሉንም ልዳስስ አልቃጣም። ሁለት ብቻ መርጬ ጎን ለጎን አነባቸዋለሁ። አንደኛው ማርሴል ግሪዮል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) በ1935 በፓሪስ ያሳተሙት፣ ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የሐበሻ ጨዋታዎችና መዝናኛዎች» የሚለው መጽሐፍ ነው። ሁለተኛው በኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ቃል ተመራማሪ የሆኑት ሐጋር ሳላሞን እ.ኤ.አ. በ1999 በእንግሊዝኛ ያሳተሙት «የጅብ ሕዝብ» የሚባለው ነው። በሁለቱ መካከል የ64 ዓመት ርቀት አለ፤ ርእሳቸውም የተለያየ ነው። ነገር ግን ሁለቱም የአንድ አገር ሰው ኑሮ የሚናገሩ ስለ ሆኑ፣ አንዱ የተወውን ሌላው ይሞላው እንደ ሆነ መመልከት ተገቢ ነው። እኔ ያገኘሁት ይህን ነው፤ የፊተኛው ጨዋታውን ያለ ጎረቤት፣ የኋለኛይቱ ጎረቤቱን ያለ ጨዋታ ጽፈውልናል። በመካከሉ የወደቀው ነገር፣ በዘር ተለያይተው ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ልጆች በጨዋታ ፍቅር የተገናኙበት ወዳጅነት ነው።

አስቀድሞ ዘር ስለሚለው ቃል ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በአውሮፓና በአሜሪካ ይህ ነገር ሲነሣ ወዲያው የሚታሰበው የቆዳ ቀለም ነው። በጎንደር ደጋ ግን ክርስቲያኑም፣ እስላሙም፣ ቅማንቱም፣ ቤተ እስራኤሉም በመልክ አይለዩም ነበር፤ አንድ ዓይነት ሸማ ይለብሳሉ፣ አንድ ጤፍ ይበላሉ፣ በገበያም በአንድ አማርኛ ይነጋገራሉ። ልዩነቱ የሚነገረው በሃይማኖትና በእጅ ሥራ ነው። ሆኖም በሃይማኖት ብቻ እንደማያበቃ የሚያሳየን ስለ ቡዳ የነበረው እምነት ነው። ቡዳነት በትውልድ ይወርዳል ስለሚባል፣ ቤተ እስራኤላዊው ቀጥቃጭ ወይም ሸክላ ሠሪዋ ተጠምቀው ክርስቲያን ቢሆኑም እንኳ ሐሜቱ ከልጅ ልጆቻቸው አይለቅም ነበር። የሃይማኖት ልዩነት በጥምቀት ይሻራል፤ በጥምቀት ያልተሻረው ግን ሌላ ስም ሊሰጠው ይገባል። ስለዚህ ዘር የሚለውን ቃል ያለ ፍርሃት እጠቀምበታለሁ። «ፈላሻ» እና «ካይላ» የሚሉት የቀድሞ መጠሪያዎች ግን ስድብነት ስላላቸው በዚህ ጽሑፍ ቤተ እስራኤል እላለሁ።

ይህ መለያየት በልማድ ብቻ የቆመ አልነበረም። በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1668፣ በጎንደር የተሰበሰበው ጉባኤ እስላሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው በራሳቸው መንደር እንዲቀመጡ ወሰነ፤ ቤተ እስራኤልም በዚሁ የመለያየት ትእዛዝ ውስጥ ገቡ። የእስላሞች ሰፈር ሆኖ የታወቀው አዲስ ዓለም የዚያ ዘመን አደላደል ትዝታ ነው። ስለዚህ ሰፈር የሚለው ቃል በጎንደር የመኖሪያ ቦታ ማለት ብቻ አይደለም፤ ከበስተኋላው ፍርድ አለበት። አንባቢ ይህን ነገር ያስታውሰው ዘንድ እለምናለሁ፤ ወደ ጨዋታው ስንመጣ ያስፈልገናልና።

ማርሴል ግሪዮል ጎንደር የደረሱት እ.ኤ.አ. በ1932፣ ከዳካር ተነሥቶ በጅቡቲ ያበቃውን የጥናት ጉዞ እየመሩ ነው። ጓዛቸውን ያሳረፉት በከተማው በነበረው የኢጣሊያ ቆንስላ ግቢ ሲሆን፣ የቆዩትም ወራት ነው። የመጽሐፋቸውን ዋጋ ማሳነስ አይገባም። በዚያ ዘመን ስለ ኢትዮጵያ ጥናት ሲባል የሚታሰበው የብራና መጽሐፍ፣ የነገሥታት ታሪክና የግእዝ ሰዋስው ነበር። የእረኛ ልጅ በመስክ ላይ የሚጫወተው ጨዋታ ለሊቅ ብዕር ይበቃል ብሎ የተነሣ ሰው መገኘቱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። እኔ በውጭ አገር ተማሪ ሳለሁ ይህን መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍት አውጥቼ ስገልጠው፣ በልጅነቴ የማውቃቸው ቃላት በላቲን ፊደል ተጽፈው ሳይ እንደ ዘመድ ሰላምታ ቆጠርኳቸው። ዛሬ የከተማ ልጅ ስማቸውን እንኳ የማያውቃቸው ጨዋታዎች ስማቸውና ደንባቸው የተረፈልን እንዲህ ባለ ትጋት ነው።

ነገር ግን መጽሐፉ መዝገብ ነው። ጨዋታው እንዴት እንደሚጀመርና እንዴት እንደሚያልቅ ይናገራል፤ ማን ከማን ጎን ይቆማል፣ የማን ልጅ ከማን ልጅ ጋር ይጫወታል የሚለው ጥያቄ ግን ድርሰቱ የተነሣበት ጥያቄ አይደለም። ይህ የዘመኑ ሳይንስ ጠባይ ነው ቢባል በከፊል እውነት ነው፤ በሙሉ እውነት እንዳልሆነ ግን የግሪዮል የጉዞ ጓድ ሚሼል ሌሪስ ምስክር ናቸው። ሌሪስ በዚያው ከተማ፣ በዚያው ወራት የጻፉትና እ.ኤ.አ. በ1934 የታተመው የዕለት ማስታወሻቸው ሰው የሞላበት ነው፤ ባለዛሮቹ በስማቸው ይጠራሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፣ ገንዘብ ይጠይቃሉ፣ አስተርጓሚው አባ ጀሮም ገብረ ሙሴም ከነጠባያቸው ይታያሉ። ስለዚህ ሰውን ከነግንኙነቱ መጻፍ በዚያ ዘመን አይቻልም ነበር ማለት አንችልም።

ያው ጉዞ በጎንደር የሠራው ሌላ ሥራም አለ። የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳው ተላቀው ወደ ፓሪስ ተወሰዱ፤ በቦታቸውም አዲስ ቅጂ ተተካ። ሥዕሎቹ እስከ ዛሬ በዚያው ከተማ ሙዚየም ይገኛሉ፤ ተጠብቀዋል፣ ይታያሉ፤ ነገር ግን ፊት ለፊታቸው የሚሰግድ የለም። የጨዋታዎቹን መጽሐፍ ባነበብኩ ቁጥር ይህ ነገር ትዝ ይለኛል።

አሁን ገናን እንመልከት፤ ምክንያቱም ከደጋው ጨዋታዎች ሁሉ ለዚህ ጥያቄ የሚቀርበው እርሱ ነው። ገና በታኅሣሥና በጥር፣ እህሉ ታጭዶ ማሳው ባዶ ሲሆን፣ ጫፉ በጎበጠ ዱላና ሩር በሚባል ኳስ የሚጫወቱት ነው። ሩሩ ብዙ ጊዜ ከጠንካራ እንጨት ይጠረባል። ሁለት ወገን ተለይቶ፣ እያንዳንዱ ሩሩን እየመታ ወደ ሌላው ድንበር ለማድረስ ይታገላል። ድንበሩ አንዳንድ ጊዜ ወንዝ፣ አንዳንድ ጊዜ የመንደር ጫፍ ነው፤ ዳኛ የለም፤ የሚሰበር ቅልጥም ግን አለ። ድል ያደረገው ወገን የተሸነፈውን በዘፈን ይሰድባል። ከዚህም በላይ በዚያ ቀን ሎሌ ጌታውን ቢሰድብ ጌታ እንዳይቆጣ ባህሉ ራሱ ያውጃል።

ይህ የመጨረሻው ነገር በብዙ ሰዎች ዘንድ ይወደሳል፤ ገና ሰውን ሁሉ እኩል ያደርጋል ይባላል። ለእኔ ግን አባባሉ ጥድፊያ ያለበት ይመስለኛል። በደጋው ኑሮ ሁለት ዓይነት ርቀት ነበር። አንደኛው የማዕርግ ርቀት ነው፤ በጌታና በሎሌ፣ በባላባትና በጢሰኛ መካከል ያለው። ሁለተኛው የንክኪ ርቀት ነው፤ ከማን ጋር ይበላል፣ ማን ይነካል፣ ከማን ቤት ውኃ ይጠጣል የሚለው። ባህሉ በገና ቀን የሚያነሣው የፊተኛውን ነው። ስለ ሁለተኛው የሚለው ነገር የለም። በተጨማሪም ጨዋታው በልደት በዓል ስም ይጠራል፤ መነሻውም የጌታን መወለድ የሰሙ እረኞች በዱላቸው ስለ መጫወታቸው በሚነገረው ትረካ ላይ ይቆማል። እንግዲህ ቤተ እስራኤላዊ ወይም እስላም ልጅ ዱላ ይዞ ቢገባ የሚገባው በሌላው በዓል ውስጥ፣ ብዙ ጊዜም በሌላው መሬት ላይ ነው፤ ቤተ እስራኤል አብዛኛዎቹ ርስት አልነበራቸውምና። ሎሌው ጌታውን የሚሰድብበት ቀን፣ ቡዳ ነው የሚባለው ልጅ ክርስቲያኑን መሳደብ የሚችልበት ቀን ነበርን? የጨዋታ መጽሐፍ ሊጠይቀው ይገባ የነበረው ይህን ነው።

ወደ ሁለተኛው መጽሐፍ ስንሻገር ይህ ጥያቄ መልስ ያገኛል ብለን እንጠብቃለን። ሐጋር ሳላሞን መጽሐፋቸውን የጻፉት ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የሄዱ ቤተ እስራኤልን ጠይቀው፣ ከክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ጋር እንዴት ይኖሩ እንደ ነበር ያስታወሱትን ሰብስበው ነው። ርእሱ የተወሰደው ቡዳ ሌሊት ጅብ ይሆናል ከሚለው እምነት ነው። ሥራው ከብዙ ሌሎች መጻሕፍት የሚበልጥበት ምክንያት አለው። ከእርሳቸው በፊት የጻፉት አብዛኛዎቹ የሚጨቃጨቁት ስለ ቤተ እስራኤል አመጣጥ ነበር፤ ከወዴት መጡ፣ አይሁድነታቸው ከመቼ ጀምሮ ነው እየተባለ። ሳላሞን ይህን ትተው፣ ሁለት ሕዝብ በአንድ ወንዝ ዳር እየተፈራሩና እየተፈላለጉ እንዴት ኖሩ ብለው ጠየቁ። እሳትና ውኃ፣ ደምና ሥጋ፣ ገበያና ማረሻ፣ ሠርግና ለቅሶ በየተራ ይመረመራሉ። ክርስቲያኑ ቤተ እስራኤሉን ቡዳ ሲል፣ ቤተ እስራኤሉም በበኩሉ ክርስቲያኑን ርኩስ አድርጎ ይቆጥረው ነበር፤ ከገበያ ሲመለስም ሰውነቱን በወንዝ ታጥቦ ነበር ወደ ቤቱ የሚገባው። «አትንኩኝ» የሚለው ቃል ሕግም ቅጽል ስምም የሆነው ከዚህ የተነሣ ነው። ሆኖም በሠርግ ጊዜ ቤተ እስራኤላዊው ደጋሽ ለክርስቲያን እንግዶቹ ከብት በቁሙ ይሰጣል፤ እነርሱም በራሳቸው ሰው አርደው፣ በራሳቸው ዕቃ ሠርተው ይበላሉ። ማዕዱ ሳይቀላቀል ደስታው ይቀላቀላል። ይህን የመሰለ ነገር በንቀት ወይም በማባበል ሳይሆን በጥንቃቄ የጻፈ ሰው ምስጋና ይገባዋል።

ታዲያ ጉድለቱ ምንድን ነው? በመጽሐፉ ውስጥ ግንኙነቱን የሚሠሩት ዐዋቂዎች ናቸው፤ ቀጥቃጩና ገበሬው፣ ካህኑና ቄሱ፣ አማቹና ሙሽራው። ጨዋታ ራሱን የቻለ ምዕራፍ አላገኘም። ተራኪዎቹ ከባሕር ማዶ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ የሚናገሩ ስለ ሆኑም የሚያስታውሱት ሕጉን አጥርቶ ነው። ሰው አገሩን ትቶ ሲሄድ ሕጉ በትዝታው ይጠነክራል፤ ጠዋት ማታ የተጣሰባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች ግን ለወግ አይበቁም እየተባሉ ይቀራሉ። ሌላም አለ። መጽሐፉ የቤተ እስራኤልን ቃል ይዞ የተጻፈ ነው። ይህ የደራሲዋ ምርጫ ስለ ሆነ አልነቅፈውም፤ ነገር ግን ወዳጅነት ሁለት ሰው የሚመሰክርለት ነገር ነው። በወለቃና በአምቦበር፣ በደምቢያና በወገራ የቀረው ሌላኛው ልጅ፣ ዛሬ ሽማግሌ የሆነው፣ አልተጠየቀም።

ልጆች ሕጉን ከሚማሩበት ቀን በፊት የሚጠብቁት ከብት ነበር። ከብት ሃይማኖት የለውም፤ ሣር ወዳለበት ይሄዳል፤ እረኞቹም ይከተሉታል። ከጠዋት እስከ ማታ ከዐዋቂ ዓይን ርቀው በአንድ መስክ የሚውሉ ልጆች ዱላ በእጃቸው ነው፤ ሩር ለመጥረብ የሚሆን ግንድ በአጠገባቸው ነው። እዚህ ላይ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ፤ ማስረጃ ነው አልልም፤ ለሚቀጥለው ጠያቂ የሚሆን ጥያቄ ነው። ጨዋታዎች በንክኪ ይለያያሉ። ትግል ሰውነት ለሰውነት ይያያዛል፤ ከእርሱ የማምለጫ መንገድ የለም። በገና ግን በእኔና በአንተ መካከል ሁለት ዱላና አንድ ሩር አለ። በእግር ኳስም ቢሆን የሚተላለፈው ኳሱ ነው። «አትንኩኝ» በሚባልበት አገር፣ ሳይነካኩ መፋለም የሚቻልበት ጨዋታ ከሌላው ይልቅ ድንበር ተሻጋሪ ሆኖ ይሆን? ደግሞም የመንጻቱ ሕግ የሚጠይቀው በወንዝ መታጠብ ነው፤ እረኛ ልጅ ደግሞ ከጨዋታ በኋላ የሚሄደው ወደ ወንዝ ነው። ለአባቱ ሥርዐት የሆነው ውኃ ለልጁ ዋና ነው። ማታ ቤቱ ሲገባ ፀጉሩ እርጥብ ሆኖ ያየች እናት ምን ብላ ትጠይቀው ነበር? ሳላሞን ስለ ውኃ ሲጽፉ የእናቲቱንና የልጁን ንግግር ጠይቀው ቢሆን ኖሮ ምዕራፉ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ግን ወገን አለያየቱ ይመስለኛል። ጨዋታ ሰውን ያስማማል የሚሉ ሁሉ የሚያዩት ኳሱ ከተነሣ በኋላ ያለውን ነው። ነገሩ የሚወሰነው ግን ኳሱ ከመነሣቱ በፊት ነው። በአገራችን ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በሰፈር መለየት ነው፤ ላይ ሰፈር ከታች ሰፈር፣ ወንዝ ማዶ ከወንዝ ወዲህ። ገና ብዙ ጊዜ የሚለየው እንዲህ ነው። እላይ እንደ ተናገርኩት ግን ሰፈሩ ራሱ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ በፍርድ የተከፈለ ከሆነ፣ በሰፈር የተለየ ጨዋታ ያንኑ ክፍፍል በዱላ መድገም ነው። ሁለተኛው መንገድ መቧደን ነው። ሁለት የቡድን አባቶች ይቀመጣሉ፤ የቀሩት ልጆች ሁለት ሁለት እየሆኑ ገለል ብለው የምሥጢር ስም ያወጣሉ፤ አንዱ አንበሳ፣ ሌላው ነብር ይባላል፤ መጥተውም የቡድን አባቱን ማንን ትመርጣለህ ይሉታል። እርሱ የሚመርጠው ስሙን እንጂ ልጁን አይደለም።

በዚህ በሁለተኛው ሥርዐት ውስጥ ማንም ያልጻፈው ጥበብ አለ። ሁለቱ ልጆች የሚጣመሩት በችሎታ ሲመጣጠኑ ነው፤ አለዚያ ቡድኑ ያደላል ተብሎ ጠብ ይነሣል። የሚመጣጠኑት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አብረው የሚውሉ፣ አንዱ የሌላውን ጉልበት የሚያውቅ ወዳጆች ናቸው። እንግዲህ መቧደን ወዳጅን ከወዳጅ ይለያል፤ የልብ ጓደኛህ ሁልጊዜ ከፊትህ ነው እንጂ ከጎንህ አይደለም። በጎንደር ባደግሁበት ሰፈር የጨርቅ ኳስ ስንጫወት ከእስላም ጓደኛዬ ጋር በአንድ ወገን ተሰልፈን የተጫወትንበትን ቀን አላስታውስም፤ ሁልጊዜ ተጣማሪዬ ስለ ነበረ ሁልጊዜ ባላጋራዬ ነበር። በረመዳን እርሱ ጾሞ ሲሮጥ፣ በሁዳዴ እኔ ጾሜ ስሮጥ፣ ሚዛኑ ተዛባ ብለን ሌላ ተጣማሪ እስከ መፈለግ እንደርስ ነበር፤ ወዲያው ግን እንመለሳለን። ስለ ሃይማኖት ተነጋግረን አናውቅም፤ ስለ ሚዛን ግን በየቀኑ እንከራከር ነበር። የእኔ ትዝታ የቅርብ ዘመን ነው፤ በእስላምና በክርስቲያን መካከል የነበረው ርቀትም ከቤተ እስራኤል ጋር ከነበረው ጋር አይስተካከልም። ቢሆንም ወገን አለያየት ምን ያህል ነገር እንደሚወስን ለማየት ይበቃል።

ይህ ከመንደር ወጥቶ በአገር ደረጃም ይታያል። የቅዱስ ጊዮርጊስ የእግር ኳስ ክለብ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲመሠረት ከመሥራቾቹ ስማቸው የሚነሣው ኢትዮጵያዊው አየለ አትናሽና የግሪክ ተወላጁ ጆርጅ ዱካስ ናቸው፤ አጀማመሩ የሁለት ወገን ወዳጅነት ነው። በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው ውድድር ሲደረግ ግን ኢትዮጵያውያን በቅዱስ ጊዮርጊስ፣ አርመኖች በአራራት፣ ግሪኮች በኦሎምፒያኮስ፣ ኢጣሊያውያን በፎርቲቱዶ፣ እንግሊዞችም በወታደር ቡድናቸው ተለይተው ተሰለፉ። ሁሉም ኳስ ይወዱ ነበር፤ አሰላለፉ ግን የሰፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በካርቱም ሲደረግ ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም ብላ ከውድድሩ ስትወጣም ጥያቄው ያው ነበር፤ ስለ ኳስ ሳይሆን ስለ መቧደን።

ተቃራኒውም ምሳሌ አለ። ሉቻኖ ቫሳሎ እ.ኤ.አ. በ1935 በአስመራ ከኢጣሊያዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት ተወለደ። አምስት ዓመት ያህል ሲሆነው የፋሺስት መንግሥት ክልስ ልጆችን ኢጣሊያዊ አባታቸው ልጄ ብሎ እንዳይቀበላቸው የሚከለክል ሕግ አወጣ። ያ መንግሥት ጎንደርንም ከመጋቢት 1928 እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. ይዞ፣ የነጭን መኖሪያ ከጥቁር መኖሪያ ለይቶ ገዝቷል። በጥር 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ የቡድኑ አምበል ይኸው ሉቻኖ ነበር። ሦስተኛውን ግብ ወንድሙ ኢታሎ፣ አራተኛውን ጎንደር የተወለደው መንግሥቱ ወርቁ አገቡ። ይህን ድል ስናነሣ ደስ ሊለን ይገባል፤ ነገር ግን እንደ ማስረጃ ስንቆጥረው መጠንቀቅ አለብን። የአገር ቡድን ሠላሳ ደቂቃ ሲጨመርለት መቶ ሃያ ደቂቃ የሚቆይ ወዳጅነት ነው፤ ሕዝቡም አንድ የሚሆነው ሌላ አገር ከፊቱ ስለ ቆመ ነው። በ2010 ዓ.ም. በወልድያ ከተማ፣ ወልድያ ከመቐለ ቡድን ጋር በተያዘለት ጨዋታ ምክንያት ሁከት መነሣቱን ሁላችን እናስታውሳለን። ኳሱ ያው ኳስ፣ ፍቅሩም ያው ፍቅር ነበር።

ስለዚህ በበዓላትና በስብሰባ ላይ «ድሮ በጨዋታ አንድ ነበርን» እየተባለ የሚነገረውን ቃል አልቀበለውም። «ድሮ መናናቅ እንጂ ሌላ አልነበረም» የሚለውንም እንዲሁ። ሁለቱም የሚመቹ ቃላት ናቸው፤ የፊተኛው በደሉን ያስረሳል፣ የኋለኛው ልጆቹን ያስረሳል። በጎንደር ዙሪያ የነበሩት ቤተ እስራኤል አብዛኛዎቹ እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985 በሱዳን በኩል፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 ከዐሥራ አራት ሺሕ የሚበልጡት በአንድ ቀን ተኩል ያህል ጊዜ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሄደዋል። ከዚያ በፊት በደጋው መስክ ከብት የጠበቀ ልጅ ዛሬ በትንሹ የአርባ አምስትና የሃምሳ ዓመት ሰው ነው፤ ብዙዎቹ ከዚያም ያለፉ ናቸው። ግሪዮል ሊጠይቋቸው ይችሉ የነበሩት ልጆች ግን ዛሬ የሉም።

በሁለቱ መጻሕፍት መካከል ያለውን ክፍት ቦታ መሙላት የሚቻለው እንግዲህ በአሁኑ ትውልድ ጠያቂ ነው፤ ይልቁንም አማርኛ በሚያውቅ፣ የመስኩን ስም በሚያውቅ ጠያቂ። ሥራው ከአንድ መንደር ቢጀምር ይሻላል፤ ከከተማው በቅርብ ርቀት ያለችው ወለቃ ለዚህ ትመቻለች። በዚያ የቀሩትን ሽማግሌዎችና ከዚያ ሄደው በእስራኤል አገር የሚኖሩትን፣ አንዱ የሌላውን መልስ ሳይሰማ፣ አንድ ዓይነት ጥያቄ መጠየቅ ይገባል። ጥያቄው ትወዳደዱ ነበር ወይ የሚል መሆን የለበትም፤ ለእንዲህ ያለው ጥያቄ ሰው የሚመልሰው ይሉኝታውን ነው። ይልቅስ የመስኩን ስም ይጠይቅ፤ የማን መሬት እንደ ነበረ፣ ሩሩን ማን እንደ ጠረበው፣ ቀጥቃጭ አባት ያለው ልጅ የአባቱን መጥረቢያ ያመጣ እንደ ነበረ ይጠይቅ። ወገን የሚለየው በሰፈር ነበር ወይስ በመቧደን? ልጅ ቢወድቅ ማን እጁን ይዞ ያነሣው ነበር? ፀሐይ ሲከርርና ውኃ ሲጠማቸውስ፣ ከወንዙ በየእፍኛቸው ነበር የሚጠጡት ወይስ ከአንድ ቅል? ቅሉስ የማን ነበር?